ክርክር፦ ደላላ ከሽንኩርት ገበያ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ አንድ አባላችን ባለፈው ሳምንት ከነገረን ነገር የመጣ ነው። መቂ አካባቢ ያመረተውን ሽንኩርት በኪሎ 17 ብር ሸጠ። በዚያው ሳምንት እህቱ አዲስ አበባ ከጉልት በ45 ገዛች። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ደላላን በሕግ ከዚህ ገበያ ማስወጣት ለገበሬው ይበጀዋል? ስድብ የለም። የሰው ስም መጥራትም የለም።

ባለማሳው፦ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። 17 ብር የሸጥኩት ወድጄ አይደለም። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ማሳው ላይ ተከምሯል። ደመናው ከብዷል። ደላላው አይሱዙ ይዞ ቆሟል። ገዢው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ማታ 20 ነበር ያለኝ። ጠዋት ግማሹ ከተጫነ በኋላ ስልክ አወራና "ገበያው ወርዷል" አለ። ምን ላድርግ፣ ላራግፈው? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። ዛሬውኑ።

ወጥ ቤት፦ እኔም ይውጣ። እናንተ በ17 ሸጣችሁ፣ እኛ በ45 ገዛን። 28 ብሩ የት ገባ?

የተራው ልጅ፦ ልንገርሽ እታለም። እኔ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ነው የምሠራው። ፒያሳ እያለን ጀምሮ ነኝ። በ2012 በኮሮና ጊዜ ጃንሜዳ ወሰዱን፣ ከዚያ እዚህ መጣን። ከ28ቱ ውስጥ የመኪና ኪራይ አለ። ጫኝና አውራጅ አለ። ኬላ አለ። ጆንያ አለ። ደግሞ 100 ኪሎ የገዛሁት ሽንኩርት ሦስት ቀን ካደረ 100 አይሆንም። ይደርቃል፣ ይበሰብሳል። ጉልት ላይ ያለችው ሴትዮም ልጆች ታሳድጋለች። ደላላው የሚያገኘው በኪሎ ጥቂት ብር ነው።

ወጥ ቤት፦ ጥቂት ስንት ነው?

የተራው ልጅ፦ እንደ ቀኑ ነው።

ወጥ ቤት፦ ኪኪኪ። ይኸው! "እንደ ቀኑ" የሚባል ዋጋ ነው የፈጀን።

ሽማግሌው፦ ልጆቼ፣ ነጋዴን በሕግ ማስወጣት አዲስ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ መንግሥት እህሉን በኮታ፣ በራሱ ዋጋ ይወስድ ነበር። አባቴ ኮታው አልሞላ ሲለው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ አስረክቧል። በ1982 ኮታው ሲነሳ ሰው እልል ነው ያለው። ደላላን አልወደውም። ግን እሱ ሲወጣ ማን ይገባል? እሱን ንገሩኝ።

ሒሳብ ሹም፦ ማኅበር ይግባ፣ ጋሼ። ቡና ላይ አይተነዋል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ተቋቁሞ የአባላቱን ቡና ራሱ ውጭ ይልካል። ሽንኩርት ላይ ለምን አይሆንም?

ባለማሳው፦ የእኛን ማኅበር ስለማታውቀው ነው። ሊቀመንበሩና ጸሐፊው አማቾች ናቸው። አንድ ጊዜ አስረክቤ ገንዘቡ በሁለት ወሩ መጣ። ደላላ ሌባ ቢሆንም ማታውኑ ይከፍላል።

ሒሳብ ሹም፦ እሺ፣ እንግዲህ እናንተም ትጠየቁ። አንድ ማኅበር ውስጥ አራት ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ። ዋጋ ሲወርድ አባሉ ሁሉ መጋዘን በር ላይ ይሰለፋል። ዋጋ ሲወጣ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም ለደላላ ሸጧል። አንድ ዓመት ለገዢ 200 ኩንታል ቃል ገብተን 70 አቀረብን። ሰውዬው ሁለተኛ ስልካችንን አላነሳም። የገንዘቡ መዘግየትም እኮ ከዚህ ይመጣል። ማኅበሩ የራሱ ጥሪት ከሌለው ገዢው እስኪከፍል ይጠብቃል።

ባለማሳው፦ እውነት ነው፣ እኔም ሸጫለሁ። ግን ዘሩንና መድኃኒቱን በዱቤ የሰጠኝ ደላላው ሆኖ እንዴት ለማኅበር ላስረክብ?

የቀበሌ ባለሙያ፦ እዚህ ጋ ቁም። ሽንኩርትህ የተሸጠው አይሱዙው የመጣ ቀን አይደለም። ዘሩን በዱቤ የተቀበልክ ቀን ነው የተሸጠው። የውሃ መሳቢያ ሞተርህ ቤንዚን ሲያጣ ማን አመጣልህ? እሱ። ስለዚህ ነቀላ ላይ "ለሌላ እሸጣለሁ" የምትልበት አፍ የለህም። ሕግ ደላላውን ቢያባርረው በዚያ ወር ዘር የሚሰጥህ ማነው? ሌላም ልጠይቅህ። 17 ብር ኪሳራ መሆኑን በምን አወቅህ?

ባለማሳው፦ ስለከሰርኩ ነዋ።

የቀበሌ ባለሙያ፦ ስንት ከሰርክ?

ባለማሳው፦ ቆይ።

አወያይ፦ እሱ እስኪመለስ፣ "ሽንኩርት ለምን እንደ ቡና በምርት ገበያ አይሸጥም?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሒሳብ ሹም፣ ባጭሩ?

ሒሳብ ሹም፦ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ነው ሥራ የጀመረው። ቡናና ሰሊጥ መጋዘን ይገባል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ ሳይንቀሳቀስ ይሸጣል። ሽንኩርት ደረጃ እስኪወጣለት ቅጠል ያወጣል።

ባለማሳው፦ መጣሁ። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ጻፍነው። ሩብ ሄክታር ነው። የመሬት ኪራይ 15 ሺህ። ዘር 8 ሺህ። እርሻና መደብ 9 ሺህ። ተከላና አረም 22 ሺህ። ማዳበሪያ 12 ሺህ። መድኃኒት 11 ሺህ። ቤንዚን 14 ሺህ። ነቀላና ጆንያ 5 ሺህ። ድምር 96 ሺህ። የወጣው 52 ኩንታል ነው። ስለዚህ አንዱ ኪሎ እኔን ራሴን 18 ብር ከ46 ሳንቲም ፈጅቶብኛል። በ17 ስሸጥ 7,600 ብር ከሰርኩ። ባለቤቴ "የእኔና ያንተ የአራት ወር ድካምስ?" አለች። እሱን አንጻፈው አልኳት። ማታ እንቅልፍ ይነሳል።

የቀበሌ ባለሙያ፦ ይሄ ወረቀት ሳትነቅል በፊት ቢኖርህ ማታ 20 ሲልህ ትርፍህ በኪሎ አንድ ብር ከ54 ሳንቲም መሆኑን ታውቅ ነበር። አንድም ጆንያ ሳይጫን ቀብድ ትቀበላለህ። ዋጋውን ምስክር ፊት ታጽፋለህ።

የተራው ልጅ፦ ወንድሜ፣ ወረቀት ደላላን አያስፈራውም። የሚያስፈራው ሁለተኛ ደዋይ ነው። ከእኛ ተራ የሦስት ነጋዴ ስልክ የያዘ ገበሬ ያስቸግረናል፣ አልዋሽም። 52 ኩንታል እኮ አንድ አይሱዙ ነው። ራስህ ጭነህ ብትመጣስ?

ባለማሳው፦ ማንን አምኜ? ተራው በር ላይም እኮ ሌላ ደላላ ነው የሚቀበለኝ።

የተራው ልጅ፦ እሱስ ልክ ነህ።

ጣና ዳር፦ እኔ ከፎገራ ነኝ። እኛ ጋ ስልኩ ሞልቷል፣ ችግሩ ሌላ ነው። ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሆንምና ሁላችንም ለፋሲካ ብለን እንተክላለን። ከዚያ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የአገሩ ሽንኩርት ባንድ ላይ ይነቀላል። አንዳንድ ዓመት የሱዳኑም በመተማ በኩል ይጨመርበታል። ያኔ ዋጋውን ደላላው ብቻ አይደለም የሚጥለው፤ ጎረቤቴና እኔም ነን። ክረምት ላይ ዋጋው ሲሰቀል ደግሞ በእጃችን አንድ ራስ የለም።

ወጥ ቤት፦ ታዲያ ለምን አታቆዩትም? እኔ ቤት እንኳን ወር ይቆያል።

የቀበሌ ባለሙያ፦ አንቺ ጋ የሚቆየው የደረቀው ነው። እነሱ ኪሎ እንዲያነሳ ብለው ነቀላ ሲደርስ ያጠጡታል። አንገቱ እርጥብ እንደሆነ በጆንያ ይታፈናል። በሳምንቱ ይሸታል። ውሃውን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማቋረጥ ነው። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲተኛ መንቀል። ከዚያ ጥላ ሥር ዘርግቶ አንገቱ እስኪጨማደድ ማድረቅ። አየር የሚያስገባ የእንጨት ቆጥ ላይ ካሳደሩት አንድ ሁለት ወር ይቆያል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ አይጠይቅም።

የተራው ልጅ፦ ውሃ የጠጣ ሽንኩርት ስትጨብጠው ያስታውቃል። ከመኪና ሲወርድ አይተን ነው ዋጋ የምንቆርጠው። "ገበያው ወርዷል" የሚባለው አንዳንዴ "ሽንኩርትህ ውሃ ነው" ማለት ነው። ለገበሬው ግን እንደዚያ ተብሎ አይነገረውም።

ባለማሳው፦ ውሃ ጨምርበት የሚለን እኮ ራሱ ደላላው ነው!

የተራው ልጅ፦ እሱማ ኮሚሽኑ በኪሎ ነው።

ሽማግሌው፦ አያችሁ? ይሄን ማንም አዋጅ ላይ አይጽፈውም።

አወያይ፦ ርዕሱን ስከፍት "ይውጣ" ባይ ነበርኩ። አሁን ከደላላው ይልቅ ተከላ ላይ የሚሰጠው ዱቤ ነው የከነከነኝ። ማኅበሩ ከመጋዘን በፊት የዘርና የቤንዚን ብድር ቢጀምር አባሉ ነቀላ ላይ የሚሸሽበት ምክንያት በግማሽ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ። ሒሳብ ሹም ይህን ይቃወማል መሰለኝ።

ሒሳብ ሹም፦ አልቃወምም። ግን ዱቤውን ወስዶ ለደላላ የሸጠውን ማን ይጠይቀዋል? አማቹ ነው እኮ ሊቀመንበሩ።

ወጥ ቤት፦ እኔ አሁንም ይውጣ ነው የምለው። ቢያንስ ያ "እንደ ቀኑ" የሚሉት ይውጣ። በኪሎ ስንት እንደሚወስድ ሚዛኑ ላይ ይለጠፍ።

ባለማሳው፦ በዚህ እስማማለሁ። ይቆይ፣ ግን ይጻፍ።

ጣና ዳር፦ የእኔ ለነቀላ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ደላላው ትናንት ደውሎ "አንድ ዙር ውሃ ድገምበት" ብሎኛል። ቅድም ወርጄ ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ። ልጄ ቆጥ የሚሆን እንጨት እየፈለገ ነው። ስንት ራስ እንደሚተርፍ እነግራችኋለሁ።