ለራሷ ቁጭ ብላ የማትበላ ተንከባካቢ ሕፃናትን ጤናማ አመጋገብ ልታስለምድ ትችላለች?

ከአንዲት የሕፃናት ተንከባካቢ፦

ውድ የማኅበረሰባችን አባላት፣

ከአገር ወጥተን ኑሮ ስንጀምር ብዙዎቻችን፣ በተለይም እኅቶች፣ መጀመሪያ የምንይዘው ሥራ ሕፃናትን መንከባከብ ነው። ቋንቋው ገና ሳይጠነክር፣ ይዘነው የመጣነው የትምህርት ማስረጃም ተመዝኖ ሳያልቅ፣ በአጭር ሥልጠና የሚገባበት የሥራ መስክ ስለሆነ ነው። እኔም በዚሁ በር ገብቼ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆኑ ሕፃናትን በመንከባከብ ስምንት ዓመት አሳልፌአለሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ሥራው እንዴት እንደሚገኝ ሳይሆን፣ ሥራው ከተገኘ በኋላ በራሳችን ጤና ላይ የሚደርሰውንና ያም ዞሮ በሕፃናቱ ልማድ ላይ የሚያሳርፈውን ነገር ነው።

መጀመሪያ በሠራሁበት ማቆያ ግድግዳው በፍራፍሬና በአትክልት ሥዕሎች የተሞላ ነበር። ሕፃናቱ ጠረጴዛውን ከብበው ምሳ ሲበሉ እኔና ባልደረባዬ ከኋላቸው ቆመን እናቀብላለን፣ የፈሰሰ እንጠርጋለን፣ ያልበላውን እናባብላለን። እኛ የምንቀምሰው ሕፃናቱ ከተኙ በኋላ፣ መጋረጃው በተዘጋበት ክፍል ጥግ፣ ተጣድፈን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፓኬት የወጣ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ድካሙን ለመግፋት ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከእጄ አይለይም። አንድ ቀን የአራት ዓመት ልጅ የውሃ ኩባያውን ገፋ አድርጎ ጠርሙሴን በጣቱ እያሳየ «የአንቺን ውሃ ነው የምፈልገው» አለኝ። ውሃ አለመሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት፤ ምን ብዬ ልቀጥል እንደምችል አላወቅሁም ነበርና።

ሕፃን ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን እንደሚቀዳ ለማንም ወላጅ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ዘግይቼ የተማርኩት ግን ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ላይ ይህንኑ ፈትሾ ነበር፤ መምህሯ አዲሱን ምግብ ዝም ብላ ስትበላ ሕፃናቱ ምንም አልተለወጡም፤ እየጣማት መሆኑን በደስታና በድምፅ እየገለጸች ስትበላ ግን እነርሱም ለመቅመስ ተነሣሡ። አንድ እኩያቸው ሌላ ምግብ እየመረጠ አብሮ ሲቀመጥ ደግሞ የመምህሯ ተጽዕኖ ደከመ። እንግዲህ አስቡት፤ ዝም ብሎ መብላት እንኳ የማይበቃ ከሆነ፣ ቆሞ ማሳለፍና ተደብቆ መብላት ምን ሊያስተምር ይችላል?

ስለ ውሃ ካነሣሁ አይቀር፣ በሥራችን ብዙ የማይወራ አንድ ጉዳይ አለ። ለአንድ ተንከባካቢ የሚመደበው የሕፃናት ቁጥር በሥራው ደንብ የተወሰነ ስለሆነ፣ አንዷ ለአፍታ ብትወጣ ክፍሉ ከደንቡ ውጪ ይሆናል። ስለዚህ ተተኪ እስኪመጣ ድረስ መፀዳጃ ቤት መሄድ አይቻልም፤ መሄድ ስለማይቻልም ውሃ አለመጠጣት ይለመዳል። በሁለተኛው ዓመቴ ሁለት ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዘኝና ሐኪሟ «ውሃ በብዛት ጠጪ» ስትለኝ፣ ለምን እንደማልጠጣ ለማስረዳት አፈርሁ። በዚያው ሰሞን ሕፃናቱን በየሰዓቱ «ውሃ ጠጡ» እያልኩ እለምናቸው ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁን በማቆያ የምታውሉ፣ የምታውቁትን ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።

ከአንዲት በቅርቡ ሥራ ከጀመረች እኅት፦

ውድ እኅታችን፣ የጻፉትን ሳነብ የራሴን ውሎ ያየሁ መሰለኝ። ሥራ ከጀመርሁ አራት ወሬ ነው፤ በነዚህ አራት ወራት ውስጥ ያልሳልሁበት ወይም ጉሮሮዬን ያላመመኝ ሳምንት ቢኖር ጥቂት ነው። ውሌ ላይ ለሕመም ቀን ክፍያ የለም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድልኝ እየተነሣሁ እሄዳለሁ። ሕፃናቱን «ስትታመሙ ቤት ታርፋላችሁ» እያልን እያስተማርን እኔው እየሳልሁ አጠገባቸው መቀመጤ ያሳፍረኛል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ደጋግሞ መታመም ለሁሉም ጀማሪ የሚደርስ ነው ወይስ የእኔ ሰውነት ደክሟል? ደግሞም በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ለመውለድ አስበናልና፣ በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ብትነግሩኝ። ወገቤንም ማመም ጀምሮኛል፤ እርሱን ግን ሁሉም ስለሚያወራው ብዙ አላሳሰበኝም።

ከአንዲት የጤና ባለሙያ፦

ለጠየቁት እኅት፦ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ መታመም በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። ሕፃናት የሚያስተላልፏቸው ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ አዲስ ገቢ ሠራተኛ ደግሞ ከብዙዎቹ ጋር የሚገናኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከጊዜ በኋላ ይቀንሳል፤ እስከዚያው ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ እጅን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ነው። የእጅ ማጽጃ ፈሳሹ ምቹ ቢሆንም ተቅማጥና ትውከት በሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይ ደካማ ስለሆነ ሳሙናን አይተካም። እጅዎን ከሕፃናቱ ጋር በአንድ ገንዳ፣ አብራችሁ እየቆጠራችሁ ብትታጠቡ ትምህርቱም መከላከያውም በአንድ ጊዜ ይፈጸማል። ብዙ ሠራተኞች ሕፃናቱን ካስታጠቡ በኋላ የራሳቸውን እንደሚረሱ አይቻለሁ።

ስለ እርግዝና የጠየቁት ጥያቄ ጊዜውን የጠበቀ ነው፤ ዝግጅቱ ከእርግዝና በፊት የሚጀመር ስለሆነ። ብዙዎቻችን የክትባት ካርዳችንን ይዘን አልመጣንም። ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍ፣ የሩቤላና የጉድፍ መከላከያ በሰውነትዎ መኖሩን ይጠይቁ፤ ካርድ ከሌለ በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል። ሕያው ተሕዋስያን የያዙት እነዚህ ክትባቶች በእርግዝና ጊዜ አይሰጡም፤ ከተወሰዱም በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሳያረግዙ መቆየት ይመከራል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ የሚወሰድ ሲሆን የትክትክ ክትባትንም ለሐኪምዎ ያስታውሷቸው።

ክትባት የሌለው ደግሞ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሚባለው ነው። በትንንሽ ሕፃናት ምራቅና ሽንት ውስጥ ምንም የሕመም ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ከያዛት ወደ ፅንሱ ተሻግሮ የመስማት ችግርን ጨምሮ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ዳይፐር ከቀየሩ፣ አፍንጫ ወይም ለሃጭ ከጠረጉ በኋላ ሁልጊዜ ይታጠቡ፤ በሕፃኑ ማንኪያና ኩባያ አይጠቀሙ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃኑ ያስተረፈውን ከሳህኑ ላይ አንሥቶ መጉረስን ይተዉ። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ እንዳሉት ለምሳ ጊዜ በማይገኝበት ክፍል ብዙ ሠራተኛ የሚያልፈው በዚህ በትርፍራፊ ነው፤ የራስን ምግብ ተቀምጦ መብላት ስለዚህ የኢንፌክሽን መከላከያም ነው ማለት ነው።

ወገብዎን ግን ችላ አይበሉት። የአራት ዓመት ልጅ ወደ 16 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህን ሸክም በቀን ስንት ጊዜ ከወለል እንደሚያነሡ አንድ ቀን ቢቆጥሩት ይደነግጣሉ። ራሱ መውጣት የሚችል ልጅ በመወጣጫ ደረጃ ወደ መቀየሪያው ጠረጴዛ ይውጣ፤ እርስዎ ከማጎንበስ ይልቅ በጉልበትዎ ይንበርከኩ፤ በክፍሉ ውስጥም ቢያንስ አንድ ለአዋቂ ልክ የሆነ ወንበር እንዲኖር ይጠይቁ። በራሱ የሚወጣና የሚወርድ ልጅ እንቅስቃሴ አገኘ፤ እርስዎም ከአንድ ሸክም ዳኑ።

ከአንድ የልጅ አባት፦

እኅቶቼ፣ በጥሞና አነበብሁ፤ ነገር ግን አንድ የሚያሰጋኝን ልናገር። «ተንከባካቢዋ አርአያ ትሁን» ማለት በቀላሉ ወደ «ተንከባካቢዋ ቀጭን ትሁን» ሊዞር ይችላል። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ጤና በሚል ስም ሰዎችን በሌሎች ፊት መመዘን ተጀምሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰው ምሳውን ተደብቆ መብላት ጀመረ እንጂ ጤናው የተሻሻለ አልመሰለኝም። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላትን፣ ዕረፍት የማታገኝን እናት ስለ ኪሎዋ መውቀስ ነውር ነው። ልጄም ከተንከባካቢዋ ሰውነትን መናቅ እንዲማር አልፈልግም።

በሌላ በኩል የእኛን የወላጆችን ጥፋት ልናዘዝ። ልጄን ማታ ስወስድ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በላ?» ነው፤ ሳህኑን አልጨረሰም ከተባልሁ ፊቴ ይጠቁራል። ተንከባካቢዋም ይህን ስለምታውቅ ልጁን አስገድዳም ሆነ በጣፋጭ አታልላ ታስጨርሰዋለች። ይህን ጫና የፈጠርነው እኛ መሆናችንን ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ እንደገና፦

ወንድሜ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ እኔም ኪሎ ብዬ አልጻፍሁም፤ ወደፊትም አልጽፍም። ሕፃኑ የሚቀዳው የተንከባካቢዋን ውፍረት ሳይሆን ሥራዋን ነው፦ ምን እንደምትጠጣ፣ ተቀምጣ እንደምትበላ፣ ሜዳ ሲወጡ አብራ እንደምትሮጥ ወይም አጥር ተደግፋ ስልኳን እንደምታይ። ደግሞም ስለ ራሷ ምን እንደምትል ይሰማል። «ዛሬ ብዙ በልቻለሁ፣ አስቀያሚ ሆኛለሁ» የምትል ባልደረባ ነበረችኝ፤ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ይህንኑ ቃል በቃል ስትደግመው ሰምተን ሁለታችንም ዝም አልን።

ስለ ሳህን መጨረስ ላነሡት፣ የአመጋገብ ባለሙያዋ ኤሊን ሳተር ያስፋፋችው የኃላፊነት ክፍፍል የሚባል አሠራር አለ፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂው ሲሆን፣ መብላትና አለመብላቱን፣ መጠኑንም የሚወስነው ልጁ ነው። አዲስ ምግብን ለመልመድ ልጅ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅረብ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ በሦስተኛው ቀን «አይወደውም» ብሎ መደምደም ከመቸኮል ይቆጠራል። ለተንከባካቢዋም ዕረፍት ነው፤ ማስጨረስ ግዴታዋ ካልሆነ ተቀምጣ የራሷን መብላት ትችላለችና።

አሁን የምሠራበት ማቆያ የለወጠውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም፣ ክርክር ግን ጠይቋል። ኃላፊዋ በመጀመሪያ ያሰበችው ለእኛ የጤና ትምህርት መስጠትና አዲስ ፖስተር መለጠፍ ነበር። እኛ ግን የጠየቅናት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረች ለእያንዳንዳችን አሥር አሥር ደቂቃ የምትተካ አንዲት ሠራተኛ። ያቺ ሠራተኛ ከመጣች በኋላ ውሃ መጠጣት ጀመርን። ቀጥሎ ምሳ ከሕፃናቱ ጋር፣ ከአንድ ድስት፣ ለእኛም ቀርቦ መብላት ተፈቀደ፤ ለሠራተኛ ምሳ የሚወጣውን ወጪ በተመለከተ ለሁለት ወር ያህል ተከራክረናል። ለስላሳ መጠጥ አልተከለከለም፤ በዕረፍት ክፍል ብቻ ይጠጣ ተባለ። እኔ በበኩሌ ከጥቂት ወራት በኋላ ተውኩት፤ ቀድሞም የምጠጣው ስለጣፈጠኝ ሳይሆን ስለደከመኝ ነበርና።

እንቅስቃሴን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንዲሆን ይመክራል። ለአዋቂ የሚመከረው ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ሒሳቡን አንድ ቀን በወረቀት ሠራሁት፤ ጠዋት 15፣ ከሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ ትንፋሽ እስኪፈጥን ከሕፃናቱ ጋር ብሯሯጥ በአምስት የሥራ ቀን 150 ይሞላል። ከሥራ በኋላ ስፖርት ቤት የመሄድ አቅምም ጊዜም የሌላት ሴት ይህን ብታውቅ መልካም ነው። በርግጥ ወገቧ የሚያማት፣ አምስት ሰዓት ብቻ ተኝታ በማለዳ ፈረቃ የገባች ሴት አትሮጥም። እንዲህ ባለ ቀን ስክሪኑ ይበራል፤ እኔም አብርቼዋለሁ። መመሪያው በዚህ ዕድሜ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ በእኛ ክፍል የሚያልፈው ሁልጊዜ ሠራተኛ በጎደለበትና በደከምንበት ቀን መሆኑን መዝግበን ለኃላፊዋ አሳይተናታል። ለተተኪዋ ሠራተኛ መቀጠር ከሁሉ በላይ የረዳን ያ ምዝገባ ነው።

ለአዲሷ እኅቴ፦ የሕመም ቀን ክፍያ ጉዳይ በየአገሩና በየውሉ ስለሚለያይ፣ ውልሽን ቋንቋውን በደንብ ለሚያውቅ ሰው አስነብቢና የሠራተኛ መብት የሚያማክር ቢሮ ካለ ጠይቂ። ከኃላፊሽ ጋር ስትነጋገሪ ስለ ራስሽ ድካም አትጀምሪ፤ «እየሳልሁ ስመጣ ስንት ሕፃናት ተከትለው ታመሙ፣ ስንት ወላጆች ከሥራ ቀሩ» ብለሽ ጀምሪ፤ ቀኑንም ጻፊው። እኔ ዘንድ የመዘገብንበት ቅጽ አለ፤ አንድ ገጽ ነው፣ ቀን፣ የጎደለ ሠራተኛ፣ ስክሪን የበራበት ደቂቃና ከክፍል የቀሩ ሕፃናት ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል። ከፈለግሽ እልክልሻለሁ።