«አንዲት ሴት ዋሽታለች»፦ የሪቻርድ 3ኛ አጥንትና የቦፎርት ቤት ሐረግ

ሐረግ ቆጣሪ፦
ትናንት ማታ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ከፍቼ ቆሽቴ አርሮ አደርኩ። አቅራቢው ፈገግ ብሎ «የእንግሊዝ ንጉሣውያን ዲቃላ መሆናቸው በዲኤንኤ ተረጋግጧል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ድሮም እናውቅ ነበር» የሚል ኮሜንት ተደርድሯል። ከየት ነው የምታውቁት?

ነገሩ ይሄ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ሌስተር ከተማ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ተቆፍሮ የሪቻርድ 3ኛ አጽም ወጣ። በ1485 ቦስዎርዝ ላይ ተዋግቶ የሞተው ንጉሥ። በ2014 የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዘረመል ውጤቱን አሳተሙ። በእናት በኩል ገጠመ። በአባት በኩል፣ ማለትም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚተላለፈው የወንድ ክሮሞዞም፣ አልገጠመም። በአባት በኩል ያመሳከሩት የ5ኛው የቦፎርት መስፍን የሄንሪ ሶመርሴት ዘሮች ከሆኑ 5 ወንዶች ጋር ነው። ሁለቱ ወገኖች ወደ ላይ ሲቆጠሩ በ1300ዎቹ የነገሠው ኤድዋርድ 3ኛ ላይ መገናኘት ነበረባቸው። አልተገናኙም። ከዚህ ተነስቶ ዛሬ ያለውን ቤተ መንግሥት ዲቃላ ማለት እንዴት ይቻላል? የገባው ያስረዳኝ።

የጨርቆስ ልጅ፦
ምኑ ነው የሚብራራው? ዲኤንኤ ነው እኮ። አልገጠመም ማለት አልገጠመም ነው። መሀል ላይ አንዲት ሴት ዋሽታለች። አለቀ።

ትርሲት፦
«አንዲት ሴት ዋሽታለች»። ወይ ጉድ! ወንድ ከወንድ በተያያዘበት ሐረግ ውስጥ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ ሴት ተከሳሽ ሆነች።

የጨርቆስ ልጅ፦
ታዲያ ማን ይዋሽ? አባትየው ነው ያረገዘው?

ትርሲት፦
ዋሸች ያልከው ባልየው እንደማያውቅ እርግጠኛ ስለሆንክ ነው። በምን አወቅክ? አውቆ «ልጄ ነው» ብሎ ያሳደገ ወንድ አይተህ አታውቅም? እኛ ሰፈር እንኳ ስንቱ አለ። የዛን ጊዜው የእንግሊዝ ሕግም ቢሆን በጋብቻ ውስጥ የተወለደን ልጅ የባል ልጅ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ባልየው ከአገር ውጭ እስካልነበረ ድረስ ጠያቂ የለውም።

ሐረግ ቆጣሪ፦
ሁለታችሁም ቆዩኝ። «አንዲት» የሚለው ላይ እንቁም መጀመሪያ። እኔ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ከኤድዋርድ 3ኛ ወደ ሪቻርድ ሲወረድ ኤድመንድ ኦቭ ላንግሊ፣ የካምብሪጁ ሪቻርድ፣ የዮርኩ መስፍን ሪቻርድ፣ ከዚያ ንጉሡ። 4 ጊዜ ልጅ ተወለደ። በሌላው በኩል ከኤድዋርድ 3ኛ ጆን ኦቭ ጎንት፣ ከእሱ ጆን ቦፎርት እያለ እስከ 5ኛው መስፍን ሲወረድ 15 ጊዜ። ድምሩ 19 ነው። ሐረጉ የተበጠሰው ከ19ኙ በአንዱ ወይም ከአንድ በላይ በሆነው ቦታ ነው። የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። 15ቱ በቦፎርት በኩል ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ሪቻርድ ከሞተ በኋላ የመጡ። በ1700ዎቹ ከሆነ የተበጠሰው ለማንም ንጉሥ ዙፋን ምንም አያመጣም።

ዶክተር ያልሆነ፦
ሂሳቡን ላግዝ። አባት ነው የተባለው ሰው አባት ሆኖ የማይገኝበት ዕድል በየትውልዱ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ነው ይባላል። አንድ ብለን እንያዝ። 0.99ን ለ19 ጊዜ በራሱ አባዙት። ወደ 0.83 ይመጣል። በዚህ ርዝመት ሐረግ አንድ ቦታ የመበጠስ ዕድሉ 17 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ሁለት ብንል 32 ይጠጋል። ብርቅ አይደለም። እንዲያውም ከ5ቱ ወንዶች አንዱ ከአራቱ ጋር ራሱ አልገጠመም። እሱ ጋ ደግሞ የተበጠሰው ቅርብ ነው፣ ባለፉት 4 ትውልዶች ውስጥ።

የጨርቆስ ልጅ፦
ሃሃሃ። ሁለት ሴት ዋሽታለች በሉኛ!

ትርሲት፦
አንተ ሰውዬ ቃሉን አትለቀውም?

ነጭ ጽጌረዳ፦
ዮርክ ነው የምኖረው፤ ሪቻርድን የሚነካ አልወድም። ጥርጣሬ ካለም የወንድሙ ነው። ኤድዋርድ 4ኛ ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን ላይ በሚያዝያ 1442 ተወለደ። ልጁ ይጸነሳል በሚባልበት ጊዜ አባትየው እዚያው ፈረንሳይ ጶንቷዝ ዘመቻ ላይ ነበር። የቀስተኛ ልጅ ነው ያሉት በከንቱ አይደለም።

ሐረግ ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ኤድዋርድ 4ኛ እኮ ከ19ኙ ውስጥ የለም። የሪቻርድ ወንድም ነው እንጂ አባቱ አይደለም። የሪቻርድ አጥንት ስለ እሱ አንድም ነገር አይናገርም። ይሄን ነው የማልወደው፤ አንድ የሐሜት ጆንያ ይከፈትና ያለው ሁሉ ይገለበጣል።

ለሐሜትማ በ19ኙ ውስጥ ሞልቷል። ጆን ኦቭ ጎንትን በሕይወት እያለ ጠላቶቹ የተወለደበት የጌንት ከተማ ሥጋ ሻጭ ልጅ ነው ይሉት ነበር። የካምብሪጁን ሪቻርድም እናቱ ኢዛቤላ ከጆን ሆላንድ ነው የወለደችው ይባላል። በማስረጃ ያሳየ ግን የለም።

ነጭ ጽጌረዳ፦
እሺ፣ የካምብሪጁ ይሁን ብለን እንያዝ። ያም ሆኖ ሪቻርድን ከዙፋኑ አያነቃንቀውም። የዮርክ ቤት፣ የሪቻርድ ወገን፣ ትልቁ የዙፋን ጥያቄ በኤድመንድ በኩል አይደለም የመጣው። በካምብሪጁ ሪቻርድ ሚስት በአን ሞርቲመር በኩል ነው፤ ከልዮኔል፣ ከፊሊፓ፣ ከሮጀር ሞርቲመር። ልዮኔል ደግሞ የኤድዋርድ 3ኛ ልጅ፣ የጆን ኦቭ ጎንት ታላቅ ወንድም ነው። በሴት በኩል የመጣ መብት ነው። የወንዱ ክሮሞዞም አይመለከተውም።

ትርሲት፦
ይኸው! የዮርክ ሰው ሲጨንቀው በሴት ሐረግ ገባ።

የጨርቆስ ልጅ፦
ከሪቻርድ በኋላ የነገሡት ቱዶሮቹስ? ሪቻርድን ድል አድርጎ የነገሠው ሄንሪ 7ኛ የመጣው በቦፎርት በኩል ነው። ቦፎርቶች ደግሞ ከመነሻቸው ዲቃላ ናቸው። ይሄን ትክዳላችሁ?

ሐረግ ቆጣሪ፦
የሚክድ የለም። ጆን ኦቭ ጎንት ባለትዳር ሆኖ ሳለ ከካትሪን ስዊንፎርድ 4 ልጆች ወለደ፤ ቦፎርት የተባሉት እነሱ ናቸው። ካትሪን የሴት ልጆቹ ሞግዚት ነበረች። በ1396 ሊንከን ላይ አገባት፣ ልጆቹን በዚያው ዓመት ጳጳሱ፣ በ1397 ደግሞ ሪቻርድ 2ኛ በፓርላማ ሕጋዊ አደረጓቸው። በ1407 የጎንት ሌላው ልጅ ሄንሪ 4ኛ «ከንግሥና በቀር» የሚል ሐረግ አስገባበት። የገዛ ግማሽ ወንድሞቹን ነው እንግዲህ። ሌላም አለ። የሶመርሴት ስም የመጣው ከቻርልስ ሶመርሴት ነው፤ እሱም የ3ኛው የሶመርሴት መስፍን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። ማንም አልዋሸም።

ሄንሪ 7ኛም ሐረጉን ዘርዝሮ አልነገሠም። በጦርነት አሸነፈ፣ ፓርላማው በ1485 አጸናለት፣ በ1486 የኤድዋርድ 4ኛን ልጅ ኤልዛቤጥን አገባ። የዛሬዎቹም የሚገዙት በ1701ዱ የዙፋን ውርስ ሕግ ነው። የዩቲዩቡ ሰውዬ ይሄን አላነበበም።

ሌስተር ነዋሪ፦
ስለ አጥንቱ የምትከራከሩ ሁሉ አንዴ መጥታችሁ እዩት። ካቴድራሉ ውስጥ ነው፤ መጋቢት 2015 ላይ ሲቀበር እኔም መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። የሬሳ ሳጥኑን የሠራው ከእህቱ ዘር የሚወለድ አናጺ ነው። ዲኤንኤ የሰጠውም እሱ ነው። ሰውዬው ካናዳ ተወልዶ ለንደን የሚኖር የእንጨት ሠራተኛ። ያሳቅቃል።

ነጭ ጽጌረዳ፦
ዮርክ ነበር መቀበር የነበረበት።

ሌስተር ነዋሪ፦
ፍርድ ቤት ሄዳችሁ በ2014 ተሸነፋችሁ። በቃ።

ነጭ ጽጌረዳ፦
«ላይሴስተር» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ከተማ ውስጥ ንጉሥ ተቀበረ።

ሌስተር ነዋሪ፦
እኔ ላይሴስተር ብዬ ጽፌ አላውቅም። ወደ ላይ ውጣና እይ።

እማማ ዘውዴ፦
ልጆቼ፣ እኔ ነገሩ ብዙም አልገባኝም፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥረው በአፍ ነው። እነሱ 19 ትውልድ የቆጠሩት በምን ነው? ተጽፎ አለ?

ሐረግ ቆጣሪ፦
እማማ፣ ለትልልቆቹ ተጽፎ አለ። ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት የአካባቢው ሰዎች ይጠሩና በመሐላ ይጠየቃሉ። ምን መሬት ነበረው? ወራሹ ማነው? ዕድሜው ስንት ነው? ያ ተጽፎ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ድሃው ግን የለም። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የቀብር መዝገብ የተጀመረው በ1538 ነው። ከዚያ በፊት መሬት የሌለው ሰው ከመዝገቡ ውጭ ነው። ከ1530 ጀምሮ ደግሞ የዘር ሐረግ መርማሪዎች አገር እየዞሩ የመኳንንቱን ቤት ይመዘግቡ ነበር። የሚመዘግቡት ግን ባለቤቱ የነገራቸውን ነው። የነሱን ኮሌጅ ያቋቋመው ማን መሰላችሁ? ራሱ ሪቻርድ 3ኛ፣ በ1484።

ዶክተር ያልሆነ፦
እዚያው 1484 ላይ የወንድሙን ልጆች በፓርላማ ዲቃላ አስብሎ ነበር እኮ። ኤድዋርድ 4ኛ አስቀድሞ ለሌላ ሴት የጋብቻ ቃል ገብቷል ተብሎ። ሄንሪ 7ኛ ሲመጣ ሕጉ ሳይነበብ እንዲሻርና ቅጂው እንዲጠፋ አደረገ፤ ሚስቱ ዲቃላ ከተባሉት አንዷ ነበረቻ!

የጨርቆስ ልጅ፦
እማማ ሰባት ቤት ሲሉ አስታወሱኝ። የእኛው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1948 ሕገ መንግሥትስ የንጉሡ ሐረጉ «ሳይቋረጥ» ከቀዳማዊ ምኒልክ ይመጣል አይል ነበር? እሱንም ላቦራቶሪ እናስገባው?

እማማ ዘውዴ፦
አንተ ልጅ፣ አርፈህ ተቀመጥ።

ሐረግ ቆጣሪ፦
እዚህ ክርክር ውስጥ እሱን አታምጣ። ሌላ ገመድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛንም።

ትርሲት፦
ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛሁትስ እኔ ነኝ። «አንዲት ሴት ዋሽታለች» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ተነስቼ የእናቱን ወገን ቆጠርኩ። አጥንቱ የሪቻርድ ነው የተባለው በምንድን ነው? በእናት በኩል በሚወረሰው ማይቶኮንድሪያ ነው አይደል? የአናጺው የሚመጣው ከሪቻርድ እህት ከአን ነው። የአንና የሪቻርድ እናት ሴሲሊ ኔቪል ናት። የሴሲሊ እናት ጆአን ቦፎርት። የጆአን እናት ካትሪን ስዊንፎርድ!

ልብ በሉ። ባለትዳር ሰው ጋር ወለደች ተብላ ስንት ዓመት የተሰደበችው ሴት። ወንዶቹ በመዝገብ፣ በአርማና በፓርላማ አጥር ያጠሩት ሐረግ ተበጠሰ። የእሷ ግን ከ600 ዓመት በላይ ወርዶ አናጺው ጋ ደርሷል፤ ያንን አጥንት በስሙ ያስጠራውም እሱ ነው። እናት እውነት፣ አባት እምነት ይሉ የለ አያቶቻችን።

ሌስተር ነዋሪ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ በዛ መቃብር አጠገብ አልፌያለሁ።

ዶክተር ያልሆነ፦
ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ግን ላስተካክል። የእናት ሐረግ በሐሰት አባት ሊበጠስ አይችልም። ስለዚህ አለመበጠሱ የካትሪንን ታማኝነት አያሳይም፤ ማን እንደወለደች ብቻ ነው የሚያሳየው።

ትርሲት፦
ታማኝ ነበረች አልኩ እንዴ? ሰው ለምን ያላልኩትን ይሰማል?

የጨርቆስ ልጅ፦
እኔም እኮ ስም አልጠራሁም። ካትሪን ናት አላልኩም። አንዲት ሴት ነው ያልኩት።

ትርሲት፦
የትኛዋ? ከ19ኙ እናቶች መርጠህ ስሟን ጥራ።

የጨርቆስ ልጅ፦
እሺ፣ አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድ ዋሽተዋል።

ሐረግ ቆጣሪ፦
ወይም ማንም። ተስማምተው ያሳደጉት ሊሆን ይችላል።

የጨርቆስ ልጅ፦
«ማንም» አይባልም። አጥንቱ እዚያ ተኝቷል።

ነጭ ጽጌረዳ፦
ዮርክ ነበር መተኛት የነበረበት።