ፕሮጄስትሮን ለጭንቅላት ጉዳት፦ አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ ለምን አልሠራም?

ተማሪ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንጎል ተመራማሪው ዶናልድ ስታይንና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጭንቅላታቸው ከተመታ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን የተወጉት የአንጎል እብጠታቸው ቀንሷል፤ ውሃ ውስጥ የተደበቀችውን መቆሚያ ፈልጎ በማግኘት ፈተናም ካልተወጉት በልጠዋል። ሆርሞኑ ውድ አይደለም፣ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን የሚያውቁት ነው። ታዲያ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለምን አይሰጥም? የወሊድ መከላከያ መርፌው ዴፖስ ያው ፕሮጄስትሮን አይደለም?

የድንገተኛ ሐኪም፦
ተስፋው የተሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የ100 ሰው ሙከራ ነው። 77ቱ ሆርሞኑን፣ 23ቱ ማስመሰያ (መድኃኒቱ የሌለበት) ወሰዱ፤ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 13 ከመቶ ለ30 ከመቶ ሆነ። ግን ቁጥሩን ቀረብ ብለሽ እዪው፦ ከ23ቱ የሞቱት 7 ናቸው። ሦስቱ ተርፈው ቢሆን ኖሮ 30ው ወደ 17 ይወርድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ታተሙ። በአሜሪካ የተካሄደው ፕሮቴክት 3፣ 882 ሰው፣ ጉዳቱ በደረሰ በ4 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ96 ሰዓት በደም ሥር፦ በ6 ወር ጥሩ ያገገሙት ከሆርሞኑ ወገን 51፣ ከማስመሰያው 55.5 ከመቶ። ጥቅም እንደማይገኝ ሲታይ ቀድሞ ተቋረጠ። ሲናፕስ የተባለው ደግሞ 1195 ሰው መዝግቦ ጥሩ ያገገሙት 50.4 ለ50.5 ከመቶ። በፕሮቴክት 3 ከሆርሞኑ ወገን የበዛው መርፌው የገባበት ደም ሥር መቆጣት ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አይጦቹ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ኃይል ይመታሉ። ሰው ግን አንዱ ደም ይፈሰዋል፣ ሌላው የነርቭ ክሮቹ ይበጠሳሉ፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ ይገባል። ውጤቱም የተለካው ከሞት እስከ ሙሉ ማገገም ባለ 8 ደረጃ ሚዛን ስለሆነ፣ ትውስታ ጥቂት ቢሻሻል እንኳ በዚያ አይታይም። ይህ ግን «ምናልባት ይጠቅማል» ብሎ ለመስጠት አያበቃም።

ፋርማሲስት፦
ዴፖ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ነው፤ የስም ዝምድና እንዳያሳስትሽ። ፕሮጄስትሮን ሰውነት ውስጥ ወደ አሎፕሬግናኖሎን ይለወጣል፣ አንጎልን የሚያረጋጋው በዋናነት እሱ ነው። ዴፖ ይህን አይሠራም። የሚዋጠው የፕሮጄስትሮን እንክብል ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል፤ ንቃቱን በየሰዓቱ በምንለካበት በሽተኛ ላይ፣ ያፈዘዘው መድኃኒቱ ይሁን አንጎሉ ውስጥ እየጨመረ ያለ ደም አይለይም።

ስቴሮይድም «እብጠት ይቀንሳል» ተብሎ እንዳይሰጥ። ክራሽ በተባለው የ10,008 ሰው ጥናት ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት በሁለት ሳምንት የሞቱት 21.1፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 17.9 ከመቶ ነበሩ።

የሆርሞን ሐኪም፦
እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ሆርሞን እንጨምር እያልን ስንከራከር የጎደለውን አንፈልግም። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ ሌሎች ዕጢዎችን የምታዘው ፒቱታሪ ዕጢ በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለች ናት፤ ምቱ ግንዱንና የደም ሥሮቹን ይጎዳል። ከወራት በኋላ የሚረሳ፣ የሚደክም፣ የወሲብ ፍላጎቱ የጠፋ በሽተኛ «ከጭንቅላቱ ጉዳት ነው» ተብሎ ይመለሳል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሶዲየም ከወረደ፣ ስኳር ካነሰ፣ የደም ግፊቱ በሳላይን አልነሳ ካለ የኮርቲሶል (ሰውነት ጭንቀትን የሚቋቋምበት ሆርሞን) ምርመራ ወዲያው ይላክ። ኋላ፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ኮርቲሶል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ከፍሪ ቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞን)፣ ለወንድ ከቴስቶስትሮን ጋር ይታዘዝ። ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን) ብቻውን ያሳስታል፦ የደከመችው ፒቱታሪ ራሷ ስለሆነች ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል። ኮርቲሶልም የታይሮይድ ሆርሞንም ከጎደሉ ቀድሞ ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲሶን፣ ቀጥሎ የታይሮይዱን የሚተካው ታይሮክሲን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ታይሮክሲኑ የቀረውን ኮርቲሶል ቶሎ ያስጨርስና በሽተኛው ሾክ ውስጥ ይገባል።

ተማሪ ነርስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ እየወሰደ የመጣ ከሆነስ?

የሆርሞን ሐኪም፦
የዚያን ቀን ኮርቲሶል አታንብቢው፤ መድኃኒቱ የሰውነትን የራሱን የኮርቲሶል ምርት ስለሚያፍን ዝቅ ብሎ ይወጣል። የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና የመጨረሻውን ሰዓት ጻፊ። በድንገት ግን አታስቁሚ።