«ወንድ አንድ ሰው ሞተ»፦ የመቅደላው ስንኝ የማንን ሞት ቆጠረ?

ባለ መሰንቆ፦
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ የመጻሕፍት ውይይት የቀረቡ እንግዳ «በመቅደላ የሞተው አንድ ሰው አይደለም፤ እባካችሁ ያንን ግጥም እንደ ታሪክ አታንሱብን» ሲሉ ሰምቼ እስካሁን ንዴቴ አልበረደልኝም። «መቅደላ አፋፍ ላይ ጩኸት በረከተ፣ የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ያለው አልቃሽ ሬሳ እየቆጠረ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ አብረዋቸው የቀሩትን ጥቂት ሰዎች አሰናብተው፣ የጠላት ወታደር እጃቸውን ሳይዝ ሽጉጣቸውን ጠጡ። በዘመነ መሳፍንት የተበታተነችውን ሀገር አንድ አደርጋለሁ ብለው የተነሡ፣ መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ከራሳቸው ሊቆጥሯቸው ያልፈለጉ ሰው፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የማን እንደሆኑ በደማቸው ተናገሩ። ይህን ሞት ለማሳነስ እንዲህ መሽቀዳደም ምን የሚሉት ዕውቀት ነው?

ጠያቂው፦
ውይይቱን እኔም አዳምጬዋለሁ፤ እንግዳው ሞቱን አላሳነሱም። ያሉት ቀላል ነገር ነው፦ ከሦስት ቀን በፊት፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ከቁልቁለቱ ሮጠው ወርደው በእንግሊዝ አዲስ ጠመንጃና ሮኬት የታጨዱት ሰዎች፣ በእንግሊዞቹ ግምት 700 ያህል ሞተው ከ1,000 በላይ ቆስለዋል። ከእንግሊዙ አዛዥ ከናፒየር ጦር በቁስል የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። የቴዎድሮስ የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቀው በዚያ ሜዳ ነው። እነዚህ ሰዎች ወንድ አልነበሩም? ሰውስ አልነበሩም? አንድ ጊዜ «ወንድ አንድ ሰው» ካልን በኋላ ለ700ው የሚተርፍ ቃል አጣን። በዋዜማው ሐሙስ ደግሞ ቴዎድሮስ መቅደላ አጠገብ ካለው ከእስላምጌ ገደል ያስወረወራቸው ሁለት መቶ ያህል እስረኞች አሉ። እነዚያንስ የመስዋዕትነት ዝርዝር ውስጥ የት ታስቀምጣቸዋለህ?

ባለ መሰንቆ፦
አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ «ያስወረወራቸው» ስትል አንቱታውን የት ጥለኸው መጣህ? የምትናገረው ስለ ሀገር ንጉሥ መሆኑን አትርሳ። ሁለተኛ፣ 700 የሚለውን የቆጠረው ገዳዩ ነው። ወራሪው የጻፈውን አምነህ የወገንህን አልቃሽ ስትጠራጠር አይከብድህም?

ጠያቂው፦
እግዚአብሔርንም በጸሎት «አንተ» ነው የምንለው፤ ስለዚህ ንጉሡ የሚቀየም አይመስለኝም። ቁጥሩን እንተወውና ግማሹ ይሁንልህ፤ ሩቡም ይሁን። «አንድ» ከሚለው ጋር አሁንም አይስማማም።

የድሮ መምህር፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ስንኙን በቁሙ ይዛችሁ እየተጓተታችሁ ነው። «ወንድ» እዚህ ላይ ፆታ አይደለም፤ «ሰው»ም የነፍስ ቁጥር አይደለም። በአማርኛ «ሰው ጠፋ» ብለን የምናለቅሰው ሀገር ምድሩ በሕዝብ ተሞልቶ ሳለ ነው። አልቃሹ የሚለው፣ ብዙ ሕዝብ አልቋል፣ ጩኸቱም የበረከተው ለዚያ ነው፤ ነገር ግን ሞቱን ራሱ መርጦ፣ ሰዓቱን ራሱ ቆርጦ የሞተው አንድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስንኝ 700ውን አልረሳም። «በረከተ» የሚለው ቃል የተሸከመው እነርሱን ነው። ይህን ሳያስተውሉ ግጥም መክሰስ የተማሪ ስሕተት ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ እኔ በልጅነቴ የሰማሁት «አናውቅም» ሳይሆን «አላውቅም» በሚለው ነው።

የጨለቆት መንገደኛ፦
መምህር፣ ትርጓሜዎን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ግን ሁላችሁም ዘላችሁት የምታልፉት አንድ ሐረግ አለ። «የሴቱን አናውቅም» ይላል። የመቶ ሃምሳ ዓመት ክርክራችን በሙሉ በስንኙ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ሰፍሮ ቀረ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ግን እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ በእርግጥም አናውቅም። የቴዎድሮስ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበረው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። ባሏ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ አባቷን ድል አድርጎ፣ አባቷ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የደፋ፣ አባቷንም ለዓመታት በእስር ያቆየ ሰው ነው። ከመቅደላ በኋላ ሰባት ዓመት ያልዘለለ ልጇን ይዛ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ፣ ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ቆይታ በመንገድ ሞተች፤ የተቀበረችውም ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ነው። እርሷ የማን ነበረች? የአባቷ ወገን ናት እንዳንል የአሳሪው ሚስት ነበረች፤ የባሏ ናት እንዳንል የእስረኛው ልጅ ነበረች። ልቅሶ አውራጆቻችን ለዚህች ሴት አንድ ስንኝ አልተረፋቸውም?

ባለ መሰንቆ፦
እህቴ፣ ርዕሱን ለወጥሽው። የተነጋገርነው ለሀገር ስለተከፈለ መስዋዕትነት ነው፤ በሕመም መሞት ያሳዝናል እንጂ መስዋዕትነት አይባልም።

የጨለቆት መንገደኛ፦
ርዕሱን የለወጠው ስንኙ ነው፤ እኔ የቆምኩት ስንኙ ውስጥ ነው።

ስደተኛው፦
በባዕድ ሀገር ለምኖር ሰው ይህ ክርክር ሁልጊዜ የሚያበቃው የቴዎድሮስና የጥሩወርቅ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ላይ ነው። በኅዳር 1872 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ውስጥ ሞቶ ዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. አፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በድጋሚ ሲቀርብ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአካባቢው ያረፉትን የሌሎች ሰዎች አፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። አባቱ ላለመማረክ ሞተ፤ የአባቱ ሞት ግን ልጁን ከመማረክ አላዳነውም። ይህን ስል አፄ ቴዎድሮስን እየከሰስኩ አይደለም። ነገር ግን መስዋዕትነት ስንል፣ የሚሠዋው ሰው ሌላ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ዊንድሶር ያለው መቃብር ይናገራል።

ጠያቂው፦
የፈለግሁትን ወንድማችን በተሻለ ቃል ተናገረልኝ። ልዩነቱን ለማየት አቡነ ጴጥሮስን አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞችን አውግዝ፣ ለጣሊያንም ተገዛ ሲባሉ እምቢ ብለው በጥይት ተደበደቡ። ከዚያ በፊት ከገደል የወረወሩት እስረኛ፣ ያቃጠሉት ከተማ አልነበረም። ጎንደርና አብያተ ክርስቲያናቷ በ1859 ዓ.ም. በማን እጅ እንደነደዱ ባለ መሰንቆ ያውቃል። ሁለቱን ሞቶች በአንድ «መስዋዕትነት» ቃል መጥራት አቡኑን መበደል ነው።

ባለ መሰንቆ፦
አቡነ ጴጥሮስን መጥረቢያ አድርገህ አፄ ቴዎድሮስን አትቁረጥ! ሁለቱንም አንድ ዓይነት ባዕድ ነው የገጠማቸው። ይልቅ የዚያን ዘመን ሌሎች መሳፍንት ምን ይሠሩ እንደነበር ለምን አትነግረንም? የትግሬው ካሣ ለእንግሊዝ ጦር መንገዱን ከፍቶ፣ ስንቅ አቅርቦ፣ ጦሩ ሲመለስ መሣሪያ ተሸለመ። ብቻቸውን ተከድተው የቀሩ ንጉሥ ናቸው።

ጠያቂው፦
ያ ካሣ ኋላ አፄ ዮሐንስ ሆኖ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ለዚህችው ሀገር ወደቀ። አንተ ግን አሁን ከሐዲ አደረግኸው። «ወንድ አንድ ሰው» የሚለውን ስንኝ የምፈራው ለዚህ ነው። አንዱን ብቻውን ለማቆም ሌላው ሁሉ መውደቅ አለበት። ደግሞም «ተከድተው» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚሠራ አይገባኝም። ከተማው የተቃጠለበት ጎንደሬ ቴዎድሮስን ቢተው፣ ከዳተኛው የትኛው ነው?

የድሮ መምህር፦
እዚህ ላይ ግን ጠያቂው አልፈሃል። ሰው በሕይወቱ የበደለውን በሞቱ አይክስም ብለህ ከዘጋኸው፣ የዚህች ሀገር ታሪክም ልብ ወለድም ባዶ ይቀራል። ደራሲዎቻችን ወደ ቴዎድሮስ ደጋግመው የተመለሱት ንጹሕ ስለነበረ አይመስለኝም። አቤ ጉበኛ ስለ እርሱ የጻፈውን ልብ ወለድ «አንድ ለናቱ» ብሎ ሲሰይመው ንጉሥ ብሎ አልጠራውም፤ የእናት ልጅ ነው ያለው። ጉዳዩ ንጉሥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ርዕስ ባላስፈለገ ነበር።

የጨለቆት መንገደኛ፦
የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቴዎድሮስ ያሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ምስሉ ተቀርጾለት አዲስ አበባ ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ያንን ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ዳገት ለወራት በገመድ የጎተቱት ሰዎች ግን ከገመዱ ጋር ጠፍተዋል። እነርሱስ ከ«አንድ ሰው» ውስጥ ናቸው ወይስ ከ«አናውቅም»?

ባለ መሰንቆ፦
መድፍ ለጎተተ ሁሉ ሐውልት ይቁም ከተባለ አደባባይ አይተርፈንም። ለማንኛውም፣ መምህር ያሉት «አላውቅም» ትክክል አይደለም፤ አያቴ ስታለቅስ የሰማሁት «አናውቅም» በሚለው ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

የድሮ መምህር፦
አያትህን አከብራለሁ፤ የእኔም አያት ግን ነበሩኝ፤ ያሉትም «አላውቅም» ነው።