ኡቡንቱ ላይ በዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ስንቀዳ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ባፈር ከመጨመር ሌላ ምን ይፈተሽ?

ክራር_ቀጂ (ፒያሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለች ትንሽ ክፍል ክራርና ድምፅ የምንቀዳበት ዴስክቶፕ አስቸግሮናል። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ ኮር አይ 5 ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ኡቡንቱ 24.04 ነው፣ ድምፁን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ፓይፕዋየር፣ እንደመጣ አልተነካም። ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ከፊት በኩል በተሰካ ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ላይ ነው፤ ኪቦርዱና ውጫዊ ሃርድ ዲስኩም እዚያው ናቸው። የምንቀዳው አርዶር በሚባለው የቀረጻ ፕሮግራም ነው።

ባፈሩ (ድምፁ ለአፍታ የሚጠራቀምበት ቦታ) 128 ናሙና ሲሆን ቀረጻው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል፤ ብሮውዘር ሲከፈት ይብሳል። 1024 ስናደርገው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በዚያ ላይ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማዋል። ከሰዓት በኋላ መቆራረጡ ይጨምራል። ከኮምፒውተሩ ከራሱ የድምፅ መውጫ ስናዳምጥ ደግሞ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ሲጀምር የመጀመሪያዋን ቃል ይውጣታል። ሁሌም ከስር «ህምም» የሚል አለ። ዩቲዩብም ይቆራረጣል፤ እሱ ከኔትወርኩ ይሁን ከድምፁ አልለየሁም። ከየት ልጀምር?

አራዳ_ከርነል

ወንድሜ፣ የዘረዘርከው አንድ ችግር አይደለም፤ ቢያንስ አራት ነው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ባፈር መጨመር ጠቅ ጠቁን ሊያስታግስ ይችላል። ህምምታውን ግን ምንም አያደርገውም፣ የተዋጠችውን ቃልም አይመልስም። ስለዚህ አንድም ቅንብር ሳትነካ መጀመሪያ ለካ። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ይገባሉ።)

ተርሚናል ክፈትና «ፒደብሊው-ቶፕ» በል። ድምፅ የሚያልፍባቸውን መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች በየመስመሩ ያሳይሃል። ሁለት ዓምዶችን ብቻ ተከታተል። «ኢአርአር» የሚለው ስንት ጊዜ በሰዓቱ እንዳልደረሰ ይቆጥራል። «ቢ/ኪው» የሚለው ፕሮግራሙ ከተሰጠው ጊዜ ምን ያህሉን እንደሚበላ ይነግርሃል፤ 0.50 ማለት ግማሹን ማለት ነው። አንዱ ፕሮግራም ወደ 1.00 እየተጠጋ ስህተቱም አብሮ ከጨመረ ጥፋቱ የዚያ ፕሮግራም ወይም የላዩ ኢፌክቶች ነው። ሁሉም ዝቅተኛ ሆነው የሳውንድ ካርዱ መስመር ላይ ብቻ ስህተት ከቆጠረ ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ አልበዛበትም። ወይ በሰዓቱ የሚቀሰቅሰው አጥቷል፣ ወይ የዩኤስቢ መንገዱ ተጨናንቋል። ጠቅ የሚለው እየተሰማ ቁጥሩ ካልጨመረ ደግሞ ሶፍትዌሩን ተወውና ገመድና ማይክ ፈትሽ።

አርዶር ሳውንድ ካርዱን በቀጥታ በአልሳ (በሊኑክስ የራሱ የድምፅ ሥርዓት) ከያዘው ግን ፒደብሊው-ቶፕ ሥራውን አያየውም። ያኔ አርዶር ራሱ ላይኛው አሞሌ ላይ የሚያሳየውን የስህተት ቆጣሪ ተመልከት።

የባፈሩ ሂሳብ ቀላል ነው፤ የናሙናውን ቁጥር ለ48,000 (በሰከንድ ለሚወሰዱት ናሙናዎች) አካፍል። 128 ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ፣ 256 ማለት 5.3፣ 512 ማለት 10.7፣ 1024 ማለት 21.3 ነው። 128 ላይ ኮምፒውተሩ ሥራውን በየ2.7 ሚሊሰከንዱ ጨርሶ ማስረከብ አለበት። በመሀል የዋይፋይ ድራይቨር ወይም ዲስክ ለ3 ሚሊሰከንድ ከያዘው ያቺ ጠቅታ ትሰማለች። 1024 ላይ ያው መዘግየት ሳይታወቅ ያልፋል። ነገር ግን መግቢያና መውጫው ሲደመር ከ42 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚሆን ዘፋኝ ይረበሻል።

እናንተ ግን ዘፋኙን በኮምፒውተሩ በኩል ማሰማት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አብዛኞቹ ሁለት መግቢያ ያላቸው ካርዶች የገባውን ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚልክ ቁልፍ ወይም ማዞሪያ አላቸው። እሱን ክፈቱና አርዶር ምርጫዎች ውስጥ ቀረጻውን የሚያሰማው ሃርድዌሩ እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ ባፈሩን 1024 ላይ ተዉት፤ ዘፋኙ ሳይዘገይ ይሰማል፣ ኮምፒውተሩም ይተነፍሳል። ለድምፅና ለክራር ቀረጻ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ትንሽ ባፈር የሚያስፈልገው በሶፍትዌር የሚሠራ የጊታር ኢፌክት ወይም የሙዚቃ ኪቦርድ በቀጥታ ሲጫወቱ ነው።

ባፈሩን ለሙከራ ለመቀየር ፋይል መጻፍ አያስፈልግም፦ «ፒደብሊው-ሜታዳታ -ኤን ሴቲንግስ 0 ክሎክ.ፎርስ-ኳንተም 512»። በ512 ቦታ 0 ስታስገባ ወደነበረበት ይመለሳል።

ካዛንቺስ_ጠጋኝ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሃቡ ላይ ነው። ሳውንድ ካርድና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አንድ ሃብ ላይ መሆን የለባቸውም። ሃርድ ዲስኩ ሲጽፍ መስመሩንም ኤሌክትሪኩንም ይሻማል። ካርዱን አውጣና ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሶኬት በቀጥታ ሰካ፤ ሃርድ ዲስኩን ከፊት ተወው። ከዚያ «ኤልኤስዩኤስቢ -ቲ» ብለህ ካርዱ ለብቻው መቀመጡን አረጋግጥ። ቀረጻው ራሱ ወደ ኤስኤስዲው ይግባ፤ ወደ ውጫዊው ዲስክ ሥራው ካለቀ በኋላ ቅዳ።

አርዶርን በአልሳ የምትከፍት ከሆነ ፔሬድ የሚለውን (የባፈር ክፍልፋዮቹን ብዛት) ከ2 ወደ 3 አድርገው። ዩኤስቢ ድምፁን በጥቅል በጥቅል ስለሚያጓጉዝ በ2 ሲሆን የመጠባበቂያው ቦታ ይጠበዋል።

ከሰዓት በኋላ መባሱ ሙቀት ሊሆን ይችላል። «ሰንሰርስ» የሚለው ትእዛዝ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ያሳያል (ከሌለ ኤልኤም-ሰንሰርስ የሚባለውን ጥቅል ጫን)። 90 ዲግሪ ከተጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ሊቀንስ ነው። «ሱዶ ዲሜስጅ» ውስጥም የሙቀት ገደብ መታለፉን የሚናገር መስመር ታገኛለህ። ያገለገለ የቢሮ ማሽን ከሆነ የማቀዝቀዣው ክንፎች መሀል አቧራ ይጠበቃል፤ ሰርማል ፔስቱም (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቆ ይሆናል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዝና በብሩሽ ወይም በንፋስ አጽዳ፤ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጥረግና የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርግ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ጠባብ ጠረጴዛ ስር፣ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ከሆነ አውጡት።

ራሙንም እይ። አርዶር ተከፍቶ፣ ብሮውዘሩ ላይ ብዙ ገጽ እያለ «ፍሪ -ኤች» በል። ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዘው የዲስክ ቦታ) የሚለው መስመር ላይ የተያዘው እየጨመረ ከሄደ ስትቀዳ ብሮውዘሩን ዝጋ። ማዘርቦርዱ ባዶ ማስገቢያ ካለው ሌላ ባለ 8 ጊጋ መጨመር ተገቢ ነው።

ክራር_ቀጂ (ፒያሳ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የለካሁት ይሄ ነው፦ አርዶር ሳይከፈት ዘፈን እያጫወትኩ ወደ ሃርድ ዲስኩ ፋይል ስገለብጥ የሳውንድ ካርዱ መስመር ላይ ስህተቱ ይቆጥራል፤ ቢ/ኪው የትም ቦታ 0.20 አይደርስም። ካርዱን ከኋላ ከሰካሁት በኋላ 256 ላይ ስህተት አልጨመረም። 128 ላይ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይቆጥራል። ሙቀቱ አርዶር ሲሠራ 88 ነው፤ ቅዳሜ ከፍተን እናጸዳዋለን። ህምምታውና የተዋጠችው ቃል እንዳሉ ናቸው።

ለገሃር_ሽቦ

ህምምታው የኤሌክትሪክ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ50 እና በ100 ኸርዝ ይሰማል። ኮምፒውተሩ፣ ስፒከሩና የክራሩ ማጉያ በተለያየ ሶኬት ከተሰኩ ምድር ገመዳቸው ክብ ይሠራና ያንን ድምፅ ያስገባል። ሁሉንም ከአንድ ባለብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ስካቸው። ካልጠፋ ሳውንድ ካርዱን በባትሪ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ሞክረው። እዚያ ላይ ከጠፋ ምክንያቱ የምድር ገመዱ ነው። እዚያም ካለ የክራሩ ፒክአፕ (ድምፅ ማንሻ) ወይም ገመዱ ነው፤ ገመዱን አሳጥረው፣ ከኃይል ገመዶችም አርቀው። ለክራሩ ዲአይ ቦክስ (ምልክቱን ለማይክ መግቢያ የሚያስተካክል ሳጥን) መጠቀምና የድምፅ ገመዱን ምድር ብቻ የሚለየውን «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ቁልፍ መጫን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

አንድ ነገር አደራ፦ ህምምታው እንዲጠፋ ብላችሁ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር እንዳትቆርጡ፣ ምድር የሌለው አስማሚም እንዳትጠቀሙ። ድምፁ ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን የሆነ ነገር ውስጡ ሲነካካ ማይኩን የያዘው ዘፋኝ ላይ ነው ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው። በድሮ ቤቶች ደግሞ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ከኋላው ምድር ገመድ ላይኖረው ይችላልና በኤሌክትሪሻን አስለኩት።

ስታቢላይዘር ካላችሁ ቀጭ ሲል ካርዱ የሚጠፋ መሆኑን አስተውሉ። «ሱዶ ዲሜስጅ -ደብሊው» ከፍታችሁ ተዉት፤ በዚያው ሰከንድ ዩኤስቢው ተቋርጦ እንደገና መገናኘቱን ከጻፈ የኃይል ችግር ነው፣ ባፈር አይነካካ።

አራዳ_ከርነል

ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ዋናው ሃቡ ነበር። 256 ከበቃችሁ 128ን አታሳዱ። የግድ ከሆነ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ሞክር፦ ስትቀዳ ዋይፋይ ዝጋ፤ ከላይ በቀኝ ካለው ምናሌ የኃይል ሁኔታውን «ፐርፎርማንስ» አድርግ፤ በመጨረሻ «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» በሚባለው የማስነሻ ፋይል ውስጥ የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) መስመር ላይ «ፕሪኤምፕት=ፉል» ጨምረህ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» በልና ሪስታርት አድርግ። አንዱን ሞክረህ ለካ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፍ፤ ሦስቱን በአንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

የተዋጠችው ቃል የመጣችው የኮምፒውተሩ የራሱ የድምፅ ካርድ ሥራ ሲፈታ ስለሚተኛ ነው። ሁለት ቦታ ያስተኙታል። አንደኛው ድራይቨሩ ነው፦ «/ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ/» ውስጥ መጨረሻው «.ኮንፍ» የሆነ ፋይል ፍጠርና «ኦፕሽንስ ኤስኤንዲ_ኤችዲኤ_ኢንቴል ፓወር_ሴቭ=0» ጻፍበት። ሁለተኛው ዋየርፕላምበር (የፓይፕዋየርን መሣሪያዎች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ነው፤ 5 ሰከንድ ጸጥታ ካየ መሣሪያውን ይዘጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኡቡንቱ 24.04 የያዘው ዋየርፕላምበር 0.4 ነው፤ የሚያነበው በሉዋ ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው አዲስ መመሪያ ለ0.5 የተጻፈ ስለሆነ ብትገለብጠው ምንም ሳይል ያልፈዋል። አንተ «/ዩኤስአር/ሼር/ዋየርፕላምበር/ሜይን.ሉዋ.ዲ/» ውስጥ ያለውን «50-አልሳ-ኮንፊግ.ሉዋ» በዚያው ስሙ ወደ «~/.ኮንፊግ/ዋየርፕላምበር/ሜይን.ሉዋ.ዲ/» ገልብጥ። በግልባጩ ውስጥ «ሴሽን.ሰስፔንድ-ታይምአውት-ሰከንድስ» የሚለውን ፈልግ፤ ከፊቱ ያሉትን ሁለት ጭረቶች አጥፋና 5ቱን 0 አድርገው። ከዚያ ያለ ሱዶ «ሲስተምሲቲኤል --ዩዘር ሪስታርት ዋየርፕላምበር»።

ዩቲዩቡን ለመለየት ያንኑ ሰዓት ኤስኤስዲው ላይ ያለ ዘፈን አጫውት። እሱ ሳይቆራረጥ ከሄደ፣ ምስሉም ከድምፁ ጋር አብሮ የሚቆም ከሆነ፣ ፒደብሊው-ቶፕም ስህተት ካልቆጠረ ኔትወርኩ ነው፤ ጥራቱን ወደ 480 አውርደው። ምስሉ እየሄደ ድምፁ ብቻ ከተቆራረጠ ግን የፒደብሊው-ቶፑን የብሮውዘር መስመር እዚህ ለጥፈው፣ እናየዋለን።