አስቸኳይ፦ የዛሬ ማታ ጠረጴዛችን ተሰረዘብን፤ ከቱሉ ዲምቱ እማዬን የት ልውሰዳት?

ጠያቂዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ለዛሬ ማታ ቦሌ አንድ ጥሩ የባህል ምግብ ቤት ጠረጴዛ ይዤ ነበር። ቀብድም ከፍያለሁ። አሁን ደውለው «ትልቅ ፕሮግራም ገባብን፣ አንችልም» አሉኝ። እማዬ ሰባ ዓመት ሞላት። ለዚህ እራት ብዬ ነው ብር ሳጠራቅም የከረምኩት። ጠዋት ተሠርታ፣ አዲሱን ቀሚሷን አውጥታ እየጠበቀች ነው። ደህና ቦታ የምታውቁ በእናታችሁ ንገሩኝ።

አያት 49፦
ዮድ አቢሲኒያ ውሰጃቸው። ምግቡም ጭፈራውም አለ።

የሰፈር አባት፦
ልጄ፣ አይዞሽ። ግን ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ስንት ሰው ናችሁ? መኪና አላችሁ? ስንት ብር ይዘሻል? ደግሞ ዛሬ አርብ ነው። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ክትፎና ዶሮ ያለበትን ቤት ብንጠቁምሽ ምን ይረባሻል?

ቀብድና ውል፦
ቀብዱን ዝም ብለሽ እንዳትተዪው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ወገን ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሰው ይህን ስለማያውቅ የሰጠውን ብቻ ከመለሱለት አመስግኖ ይሄዳል። ብሩን የላክሽበትን የቴሌብር መልእክት አታጥፊው። የደወለልሽን ሰው ስምና ሰዓቱንም ጻፊ።

ኮዬ ፈጬ፦
ወንድሜ፣ ሕጉ ነገም አለ። ልጅቷ የዛሬን እራት ነው የጠየቀችው።

ቤት ይሻላል፦
እኔ በሐሳቡ አልስማማም። ይህን ሁሉ ብር ለአንድ ማታ? በዚህ ዋጋ ዘመድ ጎረቤት ጠርታችሁ ቤት ውስጥ ጥሩ ድግስ ይወጣዋል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ዶሮ ሥሩላቸው። ለእናት ከልጆቿ ቤት የሚበልጥ ቦታ የለም።

ጠያቂዋ፦
አባባ፣ ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። አራት ነን። የወንድሜ ቪትዝ አለች። በእጄ ያለው 8000 ብር ነው። አዎ፣ እማዬ ትጾማለች።

«ቤት ይሻላል»፣ ምክርህን አከብራለሁ። ግን የኛን ቤት አታውቀውም። ቤት ከተደገሰ ሽንኩርቱን የምትከትፈው እማዬ ናት። ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት። እንግዳው ሲሄድ ሰሃን የምታነሳውም እሷ ናት። «ተቀመጪ» ብንላት እሺ ብላ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ስታበላን የኖረች ሴት አንድ ማታ ተቀምጣ ሌላ ሰው ያስታጥባት፣ ሌላ ሰው ያቅርብላት። የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ቤት ይሻላል፦
እንዲያ ከሆነ ልክ ነሽ። ውሰጃቸው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ስለ 8000ው ልንገርሽ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ሜኑ ግርጌ ላይ «ዋጋው ታክስና ሰርቪስ አይጨምርም» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ሰርቪሱ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው። ቫቱ 15 በመቶ፣ እሱም ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ይታሰባል። ስለዚህ ሜኑ ላይ 4000 ብር ያየሽው ሂሳቡ ሲመጣ 5060 ይሆናል። ባንቺ ብር ሜኑ ላይ ከ6300 አትለፉ፣ ከነታክሱ 7970 ገደማ ይመጣል። ጉርሻውን ለብቻ ያዢ። እናት ፊት ሂሳብ ሲጎድል ደስ አይልም።

የቦሌ ልጅ፦
ዮድ አቢሲኒያ ነው የሚሻለው።

የሰፈር አባት፦
እሱማ ተብሏል ልጄ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አርብ ማታ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ለመድረስ ቃሊቲ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ታውቃለህ? ሳይዙ መሄድም ያስፈራል።

ፈጣን መንገድ፦
ለምን ወደ መሃል ከተማ ትገቢያለሽ? የአዳማው ክፍያ መንገድ እኮ ከደጃፍሽ ነው የሚነሳው! ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ መሃል 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንቺ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄደሻል። አሁኑኑ ኩሪፍቱ ሪዞርት ደውዪ። ለእራት ብቻ ለሚመጣ የመግቢያ ክፍያ እንዳለ ጠይቂ። የጾም ምግብ ምን እንዳላቸው ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ሐይቆቹ ዳር ሌሎች ሆቴሎች አሉ፣ ሆራም ባቦጋያም። ሳይመሽ ከደረሳችሁ ሐይቁንም ያዩታል። በአሮጌው መንገድ ግን አትሂዱ፣ በጭነት መኪና የተሞላ ነው።

ዓሣ አጥማጅ፦
ቢሾፍቱ ከሄዳችሁማ ዓሣ ጉላሽ ነዋ!

ተዋሕዶ፦
በጾም ዓሣ አይበላም።

ዓሣ አጥማጅ፦
ስንት ሰው ይበላል እኮ። ዓሣው ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ጿሚ ነው።

የሰፈር አባት፦
ይህን ክርክር እዚህ አንጨርሰውም። እናትየዋ ራሳቸው ይወስኑ።

ኮዬ ፈጬ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔም እናቴን ወስጄ ያየሁት ነው። መሶብ ያለበት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ እንዳታስቀምጧቸው። መቀመጫው ያምራል፣ ግን በሰባ ዓመት ጉልበት ከዚያ መነሳት ይከብዳል። ስትደውዪ «መደገፊያ ያለው ወንበር» በዪ። ሙዚቃ ካለ ከስፒከሩ የራቀ ጥግ ጠይቂ። እናቴ አጠገቧ ያለውን ሰው ሳትሰማ ነው ያመሸችው። ነጠላ ብቻ ሳይሆን ጋቢም ያዙ፣ ሐይቅ ዳር ማታ ይበርዳል።

ጠያቂዋ፦
ደወልኩ፣ አላነሱም። ደግሜ እየሞከርኩ ነው። እማዬ «ልብሴን ልቀይር ወይ?» እያለችኝ ነው።

ፈጣን መንገድ፦
እንዳትቀይር! ካላነሱልሽ ዝም ብላችሁ ውጡ። ወንድምሽ ይንዳ፣ አንቺ መንገድ ላይ ለሌሎቹ ደውዪ። ቶሎ ውጡ ብቻ።

ገላን ኮንዶሚኒየም፦
እኔም ለነገ ቅዳሜ ጥያቄ አለኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዤ ነው፣ አባቴ ደግሞ በዊልቸር ነው የሚሄደው። እዚያው ቢሾፍቱ ደረጃ የሌለው፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጠረጴዛው የሚያስገባ ቤት የምታውቁ?