በግልጽ አሳውቆ የተሳሳተ ግብር ከፋይ ይቀጣ ወይስ ይታረም?

ከቡሬ፦ ወገኖቼ፣ አንድ ጉዳይ ላቅርብና ተከራከሩበት። አጎቴ በ2015 ዓ.ም. የሚያከራዩትን ቤት ሸጠው 800,000 ብር አተረፉ። በዚያው ዓመት አክሲዮን ሸጠው 200,000 ብር ከሰሩ። ኪሳራውን ከቤቱ ትርፍ ቀንሰው፣ ሁለቱንም ውል አያይዘው፣ በ600,000 ብር ላይ 90,000 ብር ግብር ከፈሉ። የግብር መሥሪያ ቤቱ በኦዲት ቅነሳውን ሰረዘው፤ 30,000 ብር የጎደለ ግብር ከነመቀጫውና ከነወለዱ ተጠየቁ። ምን ደብቀው ነው የሚቀጡት?

ከደብረ ማርቆስ፣ የሂሳብ ባለሙያ፦ በግብሩ ላይ መሥሪያ ቤቱ ልክ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሚሠራበት በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት አንድ ምድብ ነው፣ 15 በመቶ ይከፈልበት ነበር፤ አክሲዮንና ቦንድ ሌላ ምድብ፣ ያኔ 30 በመቶ። ኪሳራ የሚቀነሰው ከራሱ ምድብ ትርፍ ብቻ ነው። ሆኖም የአጎትዎ 200,000 ብር ከንቱ አልቀረም፤ ወደፊት አክሲዮን ሸጠው ቢያተርፉ ይቀነስላቸዋል። ማስረጃውን አይጣሉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ቅጣቱ ምን ያስቆጣል? ግብር አሳንሶ ላሳወቀ መጀመሪያ 10 በመቶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ 30፣ ከዚያ 40 ነው። ለአጎትዎ 3,000 ብር መሆኑ ነው። ባለሙያ ጠይቆ በትክክል የከፈለ ነጋዴ ካልጠየቀው ጋር እኩል ከታየ ነገ ማን ይጠነቀቃል?

ከቡሬ፦ 3,000 ብሩንስ ይክፈሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ የመዘግየቱ መቀጫ ነው። ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመራል። በ12 ወር 27 በመቶ ደረሰ፤ 8,100 ብር፣ ወለዱ ሳይቆጠር! ሰነዱ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጃቸው ነበር። ሲረከቡ «ይህ አይቀነስም» ቢሏቸው ኖሮ በዚያው ሳምንት ይከፍሉ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ዝም ያለበት ወር በምን አግባብ በእርሳቸው ላይ ይታሰባል?

ከዳንግላ፦ ግብሩን አስልቶ የሚያሳውቀው ከፋዩ ራሱ ነው፤ መረከብ ማጽደቅ አይደለም። እያንዳንዱ ሰነድ በመስኮት ይመርመር ከተባለ ሰልፉ አያልቅም።

ከሞጣ፦ ሰልፉን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ኪሳራው በግልጽ ተጽፎ በቀረበበት ሰነድና ሽያጩን በሸሸገ ሰው ላይ የወሩ መቀጫ በአንድ ልክ መቆጠሩ ፍትሕ አይደለም። የቡሬው ወንድሜ እውነት አለው፤ መታረም ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ የሂሳብ ባለሙያ፦ በዚህ እስማማለሁ። እስከዚያው ግን ግብሩንና መቀጫውን ለዩ። 30,000 ብሩን ዛሬውኑ ይክፈሉ፤ ወሩ መቁጠር ያቆማል። በመቀጫው ላይ ውሳኔው በደረሳቸው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ያቅርቡ፣ መቀጫው እንዲነሳም በጽሑፍ ይጠይቁ። በግብሩም እከራከራለሁ ብለው ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ቢሄዱ ግን ከሚከራከሩበት ግብር ግማሹን፣ 15,000 ብር፣ አስቀድመው ማስያዝ አለባቸው፤ የማስረዳቱ ሸክምም በእርሳቸው ላይ ነው። ውሳኔው መቼ ነው የደረሳቸው?